ስኳሩ ከየት መጣ? ወዴትስ ሄደ?

በከተማችን «ስኳር አለበት» ሲባል ወዲያው በዓይነ ኅሊናችን የሚመጣው ሰው ሞላ ያለ፣ ከመኪና የማይወርድ፣ ሥጋና ቢራ ከገበታው የማይጠፋ ባለጸጋ ነው። የስኳር በሽታ የጠገበ ሰው በሽታ ነው የሚለው እምነት ከመርካቶ እስከ ቀጨኔ፣ ከነጋዴው እስከ ሸማኔው ሥር የሰደደ ነው። እምነቱ ፈጽሞ መሠረት የለውም አይባልም፤ በዓለም ላይ ካለው የስኳር በሽተኛ አብዛኛው የተያዘው ከውፍረትና ከእንቅስቃሴ ማነስ ጋር በተያያዘው ዓይነት ነውና።

ይሁን እንጂ ከጎንደር ከተማ ወጣ ብለው በሚገኙት የገጠር ጤና ጣቢያዎች ደጃፍ ተራውን የሚጠብቀው የስኳር በሽተኛ መልኩ ሌላ ነው። ብዙውን ጊዜ ወንድ ነው፤ ወጣት ነው፤ ገበሬ ነው፤ ከሁሉም በላይ ደግሞ ቀጭን ነው። በልጅነቱ ጠግቦ ያደገ አይመስልም። ታዲያ የጠገበ ሰው በሽታ ካልጠገበው ገበሬ ቤት ምን አመጣው?

ይህ ጥያቄ በዓለም ሐኪሞች መካከል ሰባ ዓመት ያህል ሲያከራክር ኖሯል። በሽታው አንዴ ስም ወጣለት፤ ስሙ ተሰረዘ፤ በቅርቡ ደግሞ እንደገና ተሰየመ። ለክርክሩ አዲስ ማስረጃ ያቀረበው እንደ ተራ ስኳር የሚጣፍጥ፣ ግን በውስጡ የተደበቀ ምልክት የያዘ ስኳር ነው። ይህ ጽሑፍ የዚያን ስኳር ታሪክ ባጭሩ ያስቃኛል። (ዓመተ ምሕረቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

አንዲት የሻይ ማንኪያ

ነገሩን ከደማችን እንጀምር። ጾሙን ያደረ ጤነኛ ሰው በደሙ ውስጥ ያለው ስኳር፣ ማለትም ግሉኮስ፣ ቢሰበሰብ 5 ግራም ያህል ቢሆን ነው። አንዲት የሻይ ማንኪያ መሆኑ ነው። አእምሯችን የሚያስበው፣ ልባችን የሚመታው በዚህች ማንኪያ ስኳር ከሆነ በፍጥነት ማለቅ ነበረባት። አታልቅም። ምክንያቱም ጉበት ሌሊቱን ሙሉ ያለ ዕረፍት ስኳር ወደ ደም ያፈሳል። 60 ኪሎ የሚመዝን ሰው ጉበቱ በየሰዓቱ 7 ግራም ገደማ ያስገባል፤ አእምሮው፣ ጡንቻውና የቀረው አካሉም የዚያኑ ያህል ያወጣል። እንግዲህ በደም ውስጥ ያለችው የሻይ ማንኪያ አንድ ሰዓት ሳይሞላ ተለውጣ ታልቃለች ማለት ነው።

ሐኪም ደም ወስዶ ስኳሩን ሲለካ የሚያየው ታዲያ ምኑን ነው? የበርሜሉን ውሃ ከፍታ ብቻ ነው። ከላይ ቧንቧ የሚያፈስበት፣ ከታች ማውጫ ያለው በርሜል ውሃው ከልኩ በላይ ሞልቶ ቢገኝ ምክንያቱ ሁለት ሊሆን ይችላል፤ ወይ ቧንቧው ከሚገባው በላይ ተከፍቷል፣ ወይ ማውጫው ተደፍኗል። የውሃውን ከፍታ መቶ ጊዜ ቢለኩት ከሁለቱ የትኛው እንደሆነ አይነግርም። በስኳር በሽታም እንዲሁ ነው። የደም ስኳር መብዛቱ ጉበት አለቅጥ ስለሚያፈስ ነው? ወይስ ጡንቻ አልቀበልም ስላለ? ወይስ ሁለቱም? መልሱን ለማግኘት የግድ ስኳሩን መከተል ያስፈልጋል። ነገር ግን አንዷ የስኳር ቅንጣት ከሌላዋ በምን ትለያለች?

የአከራይዋ ወጥ

መልሱን ያገኘው ስለ ስኳር አንዳችም ያላሰበ ሰው ነበር። ጆርጅ ደ ሄቬሺ የተባለ የሃንጋሪ ተወላጅ ወጣት በ1911 እንግሊዝ አገር ማንቸስተር ከታላቁ ሊቅ ራዘርፎርድ ዘንድ ይሠራ ነበር። ራዘርፎርድ «ራዲየም ዲ» የተባለውን ጨረር አመንጪ ነገር ከእርሳስ ለይተህ አውጣልኝ አለው። ሄቬሺ ደከመ፤ ለፋ፤ አልቻለም። የማይቻልበት ምክንያት የታወቀው ኋላ ነው፤ ራዲየም ዲ ራሱ እርሳስ ነበር። በኬሚካዊ ጠባዩ ከተራው እርሳስ የማይለይ፣ በክብደቱ ብቻ የሚለይ መንታ ወንድም። እንዲህ ያሉ መንትዮች በ1913 አይሶቶፕ የሚል ስም ወጣላቸው።

ሄቬሺ ሽንፈቱን ወደ ድል የለወጠበት አስተሳሰብ ቀላል ነው። ከእርሳስ የማይለይ ከሆነ እርሳስ በሄደበት ሁሉ ይሄዳል ማለት ነው፤ ጨረር ስለሚረጭ ደግሞ የትም ቢሄድ ይታወቃል። በቀጨኔ ሸማኔ ዘንድ ይህ ነገር አዲስ አይደለም። በነጭ ድርና ማግ መካከል አንዲት ቀይ ክር ብትገባ ሸማኔው የት እንደገባችና የት እንደወጣች በዓይኑ ይከተላታል፤ ነጯን ክር ግን ከሺህ ነጭ ክሮች መካከል ለይቶ ሊከተላት አይችልም። ክሯ አሠራሯ ያው ነው፤ ቀለሟ ብቻ ነው የሚለየው።

ስለ ሄቬሺ የሚተረክ አንድ ጨዋታ አለ። የተከራየበት ቤት ባለቤት እሑድ የተረፈውን ሥጋ በሳምንቱ መካከል እየከታተፉ መልሰው ያቀርባሉ ብሎ ይጠረጥራል። ሴትዮዋ ፈጽሞ አይደረግም ይላሉ። አንድ ቀን ከሳህኑ ላይ በተረፈው ምግብ ጥቂት ጨረር ያለው ነገር ጣል አድርጎ ሄደ። ከቀናት በኋላ በቀረበለት ወጥ ላይ መለኪያውን ቢያስጠጋ ጨረሩ ተገኘ። የአከራይዋ ምስጢር ወጣ፤ የሄቬሺ ዘዴም ተፈተነ ይባላል። ሰውየው በዚህ ዘዴው የ1943ን የኬሚስትሪ ኖቤል ሽልማት አግኝቷል።

ተልባ የበሉ አይጦች

በ1932 አሜሪካዊው ሃሮልድ ዩሪ የሃይድሮጅንን ከባድ ወንድም፣ ዲዩትሪየምን፣ አገኘ። ዲዩትሪየም ጨረር የለውም። ከተራው ሃይድሮጅን እጥፍ ይመዝናል እንጂ ጉዳት አያደርስም፤ በምንጠጣው ውሃ ውስጥም በጥቂቱ አለ። በዚያው ዘመን ሩዶልፍ ሾንሃይመር የተባለ ሐኪም ሂትለር ሥልጣን ሲይዝ ከጀርመን ተሰዶ ኒው ዮርክ ኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ ገብቶ ነበር። ከባልደረባው ከሪተንበርግ ጋር ሆኖ ለእኛ እንግዳ ያልሆነውን የተልባ ዘይት ወሰደ፤ ዲዩትሪየም አስገባበት፤ ለአይጦች መገበ።

በዚያን ጊዜ የነበረው እምነት የዛሬ ምግብ ለዛሬ ይነዳል፣ የተከማቸ ስብ ደግሞ ለክፉ ቀን ተቀምጦ ይቆያል የሚል ነበር። የአይጦቹ ሰውነት ሲመረመር ግን ምልክት ያለበት ስብ አብዛኛው በክምችቱ ውስጥ ተገኘ። አዲሱ ይገባል፤ አሮጌው ይወጣል። ሰውነት በጎተራ እህሉን ቆልፎ የሚያስቀምጥ ባላገር ሳይሆን በየዕለቱ ሸቀጡን የሚያገላብጥ ነጋዴ ሆኖ ታየ። ሾንሃይመር ይህን ግኝቱን በሰፊው ያብራራበት መጽሐፍ የታተመው ግን በ1942፣ በገዛ እጁ ካለፈ በኋላ ነው።

ስኳርን ለመከተል የካርቦን ምልክት ያስፈልግ ነበር፤ ግሉኮስ የተሠራው በስድስት ካርቦኖች ዙሪያ ነውና። በ1940 ካመንና ሩበን የተባሉ ሁለት ወጣት ሳይንቲስቶች በካሊፎርኒያ በርክሌይ ካርቦን 14ን አገኙ። ጨረሩ ግማሽ የሚሆነው በ5,730 ዓመት ነው። ከጦርነቱ በኋላ በዚያው በበርክሌይ ሜልቪን ካልቪንና ባልደረቦቹ ይህን ካርቦን የያዘ አየር ለአረንጓዴ የውሃ ተክል እየሰጡ ተክል ከአየርና ከፀሐይ ስኳር የሚሠራበትን መንገድ ደረጃ በደረጃ አገኙት። ካልቪን በ1961 ኖቤል ተሸለመ። ላቦራቶሪዎችም ምልክት ያለበትን ስኳር መጀመሪያ ከቅጠል፣ ኋላም በቅመማ ማውጣት ያዙ።

በዚህ መካከል የእኛም ጤፍ ወደ ታሪኩ ይገባል። በ1960ዎቹ አጋማሽ በሃዋይና በአውስትራሊያ ምልክት ያለበት ካርቦን ለሸንኮራ አገዳ ሲሰጥ አገዳው ስኳሩን የሚሠራበት መነሻ ካልቪን ካገኘው የተለየ ሆኖ ተገኘ። በቆሎ፣ ማሽላ፣ ዳጉሳና ጤፍም የዚሁ የአገዳ ወገን ናቸው። እነዚህ ተክሎች ካርቦን 13 የተባለውን ጨረር የሌለውን ከባድ ካርቦን ከስንዴ፣ ከገብስና ከባቄላ በጥቂቱ አብልጠው ይይዛሉ። ስለዚህ የእነርሱ ስኳር ተፈጥሮ ራሷ ምልክት ያደረገችበት ስኳር ነው። በ1973 በቤልጅየም ሊዬዥ ያሉ ተመራማሪዎች ከበቆሎ የወጣ ግሉኮስ ለሰዎች አጠጥተው፣ ከትንፋሻቸው በሚወጣው ካርቦን ስኳሩ ሲነድ ተከታተሉ። እንጀራ የሚበላው የእኛ ሰው ትንፋሽ እንግዲህ ዳቦ ከሚበላው አውሮፓዊ የተለየ ሚዛን አለው። እንዲህ ያለውን ምርመራ እዚህ አገር ለማካሄድ የሚነሣ ሁሉ በቅድሚያ ሰውየው ምን እንደበላ መጠየቅ አለበት ማለት ነው።

ቀያዮቹ ባቄላዎች

ምልክት ያለበት ስኳር መከተል ብቻ ሳይሆን መቁጠርም ያስችላል። አንድ ጎተራ ባቄላ አለ እንበል፤ ሳይፈስ ብዛቱን ማወቅ እንፈልጋለን። መቶ ፍሬ ቀይ ቀለም ቀብተን እንጨምርና በደንብ እናማስለው። ከዚያ በእፍኝ እየዘገንን ስናይ ከየሃምሳው ፍሬ አንዱ ቀይ ከሆነ በጎተራው ያለው 5,000 ፍሬ ነው። አንድም ነገር ሳንቆጥር አወቅነው።

በሰው ላይም የሚደረገው ይኸው ነው፤ የሚለየው ጎተራው የሚፈስ መሆኑ ነው። ሁለት ዲዩትሪየም የያዘ ግሉኮስ በታወቀ መጠን፣ በእኩል ፍጥነት፣ በደም ሥር ቀስ እያለ ይሰጣል። ተራው የግሉኮስ ሞለኪውል ክብደቱ 180 ሲሆን ምልክት ያለበት 182 ነው፤ ማስ ስፔክትሮሜትር የተባለው መሣሪያ ልዩነቱን ይመዝናል። ምልክት ያለበት ስኳር በደም ውስጥ ይበልጥ በቀጠነ ቁጥር ጉበት ያን ያህል ተራ ስኳር እያፈሰሰ ነው ማለት ነው። የሒሳቡን ቀመር ሮበርት ስቲል በ1959 አውጥቶታል። በ1979 ደግሞ ዲፍሮንዞና ባልደረቦቹ ሌላ ዘዴ አስተዋወቁ፤ ለሰውየው ኢንሱሊን በቋሚ መጠን እየሰጡ የደሙ ስኳር እንዳይወርድ ግሉኮስ ይጨምሩለታል። ብዙ ግሉኮስ ከጠየቀ አካሉ ስኳርን በደስታ ይቀበላል፤ ጥቂት ከበቃው ተቀባዩ እምቢ ብሏል።

እነሆ ሁለቱ ዘዴዎች ሲጣመሩ የበርሜሉ ቧንቧና ማውጫ ለየብቻ ተለኩ። በወፍራሙ ሰው የስኳር በሽታ፣ ዓይነት 2 በሚባለው፣ ጉበት አለቅጥ እንደሚያፈስና ጡንቻም አልቀበልም እንደሚል በቁጥር ታየ። በዓይነት 1 ደግሞ የሰውነት መከላከያ ኃይል የራሱን ቆሽት አጥቅቶ ኢንሱሊን የሚያመነጩትን ሕዋሳት ያጠፋል። በ1922 ኢንሱሊን ለሰው መሰጠት እስኪጀምር ድረስ ይህ የሞት ፍርድ ነበር።

ስም ያጣ በሽታ

ከሁለቱም ያልገጠመው ቀጭኑ ድሃ ነው። በ1955 ሂዩ ጆንስ የተባለ ሐኪም በጃማይካ ከመረመራቸው 215 የስኳር በሽተኞች 13ቱ ከየትኛውም ክፍል አልገቡለትም። ቀጫጭን ናቸው፤ ብዙ ኢንሱሊን ይፈልጋሉ፤ ነገር ግን ዓይነት 1 የያዘው ሰው ኢንሱሊን ሲያጣ የሚጥለው የደም መመረዝ አያገኛቸውም። በአገሩ ስም «ዓይነት ጄ» አላቸው። ተመሳሳይ ወሬ ከሕንድና ከአፍሪካም ይመጣ ጀመር። በ1985 የዓለም ጤና ድርጅት ከምግብ እጥረት ጋር የተያያዘ የስኳር በሽታ ብሎ በመዝገቡ አሰፈረው። በ1999 ግን ማስረጃው አይበቃም ተባለና ስሙ ከመዝገቡ ተፋቀ። ስምን መልአክ ያወጣዋል ይባላል፤ የበሽታን ስም የሚያወጣውም የሚሽረውም ግን ኮሚቴ ነው።

ስሙ ቢሻርም በሽተኞቹ መምጣታቸውን አላቆሙም። በ1954 በተቋቋመው የጎንደር የሕዝብ ጤና ኮሌጅ መሠረት ላይ ባደገው በጎንደር ዩኒቨርሲቲ፣ እነ ፕሮፌሰር ሽታዬ ዓለሙ ከጅማና ከእንግሊዝ ባልደረቦቻቸው ጋር የገጠሩን በሽተኛ መዝገብ ለዓመታት ሲይዙ ቆዩ። በ2009 ዲያቤቶሎጂያ በተባለው ዓለም አቀፍ መጽሔት ያወጡት ጽሑፍ ርዕሱ ራሱ ጥያቄ ነበር፤ ከምግብ እጥረት ጋር የተያያዘውን የስኳር በሽታ ጉዳይ እንደገና እንክፈተው ወይ? የሚል። በተዘጋ ፋይል ላይ የተነሣ ይግባኝ ነበር ማለት ይቻላል። ይግባኙ የቀረበው ከድሃ ገበሬዎች መንደር ስለሆነ ክብደቱ የተለየ ነው።

ልኬቱ የመጣው ከሌላ አቅጣጫ ነው። በደቡብ ሕንድ የቬሎር ክርስቲያን ሜዲካል ኮሌጅና በኒው ዮርክ የአልበርት አንስታይን የሕክምና ኮሌጅ ተመራማሪዎች፣ በዶክተር ሜሬዲት ሆኪንስ መሪነት፣ በ73 ወንዶች ላይ የቧንቧውንና የማውጫውን ምርመራ አካሄዱ። 20ዎቹ ቀጫጭን የስኳር በሽተኞች ነበሩ። በ2022 የታተመው ውጤት ግልጽ ነበር። የእነዚህ ሰዎች ጉበት እንደ ዓይነት 2 በሽተኞች አለቅጥ አያፈስም። ጡንቻቸው ስኳርን ከዓይነት 2ዎቹ ይልቅ አጥብቆ ይቀበላል። ችግሩ ቆሽታቸው በቂ ኢንሱሊን አለማመንጨቱ ነው፤ ይሁንና እንደ ዓይነት 1 ፈጽሞ አልጠፋም። እንግዲህ ከሁለቱም የተለየ ሦስተኛ ነገር ነው።

በሚያዝያ 2025 ባንኮክ ላይ በተካሄደው ጉባኤ ዓለም አቀፉ የስኳር በሽታ ፌዴሬሽን ይህን በሽታ «ዓይነት 5» ብሎ ተቀበለው። በዓለም ላይ ከ20 እስከ 25 ሚሊዮን ሰዎች ሳይኖርባቸው እንደማይቀር ተገምቷል። ስሙን ሁሉም ሐኪም አልተቀበለውም፤ ክርክሩም አላበቃም።

ስሙ ለምን ይጠቅማል?

አንባቢ «አንድ ቁጥር ቢጨመር ለገበሬው ምን ይፈይድለታል?» ብሎ ቢጠይቅ ተገቢ ነው። መልሱ በመርፌው መጠን ላይ ነው። አካሉ ስኳርን በቀላሉ የሚቀበል ሰው እንደ ወፍራሙ ሰው ብዙ ኢንሱሊን ቢወጋ የደሙ ስኳር በድንገት ይወርዳል። ከተሜው ቢሆን ከረሜላ ከኪሱ ያወጣል፤ ሻይ ቤት ይገባል። የሚበላው ነገር በቤቱ በሌለ ሰው ላይ ግን ይህ ራስን ስቶ መውደቅ፣ አልፎም ሞት ነው። በሽታውን ያመጣው ረሀብ ከሆነ ደግሞ መድኃኒቱ በመርፌ ብቻ ሊገኝ አይችልም፤ ነፍሰ ጡሯና ሕፃኑ ከሚቀርቡት ማዕድ ይጀምራል።

ያም ሆኖ የሕንዱን ልኬት አምጥቶ በጎንደሩ ገበሬ ላይ መለጠፍ አይገባም። በ2020 እነ ፕሮፌሰር ሽታዬ በሰሜን ምዕራብ ኢትዮጵያ የአማራ ተወላጆች ላይ ባደረጉት ሌላ ጥናት፣ በበሽተኞቹ ዘር ውርስና ደም ውስጥ የሰውነት መከላከያ ኃይል ቆሽትን ማጥቃቱን የሚያሳዩ፣ በአውሮፓ ዓይነት 1 የታወቁ ምልክቶች መገኘታቸውን አመልክተዋል። እንግዲህ ከቀጫጭኖቹ መካከል ዓይነት 1 ያለባቸው አሉ። በዚያው ወረፋ ላይ የረሀብ ልጅ የሆነው በሽታ ያለባቸውስ ስንቶቹ ናቸው? ይህን በዓይን አይቶ መለየት አይቻልም፤ የደም ስኳር መጠንም አይናገርም። የሚናገረው ምልክት ያለበት ስኳር ነው።

እንዲህ ያለውን ጥናት ለማስተናገድ ባዶ እጃችንን አይደለንም። ከቀጨኔ ብዙ በማይርቀው፣ ሕዝቡ ዛሬም ፓስተር በሚለው የጉለሌ ግቢ የኢትዮጵያ የሕብረተሰብ ጤና ኢንስቲትዩት አለ። ከተወረሱለት ተቋማት አንዱ በ1962 በስዊድን እርዳታ በሕፃናት ምግብ ጥናት ክፍልነት ተጀምሮ በ1968 የኢትዮጵያ የሥነ ምግብ ኢንስቲትዩት የሆነው፣ ብዙዎቻችን ያደግንበትን ፋፋን ያስገኘው ድርጅት ነው። በ1995 ከሌሎች ጋር ተዋሕዷል። ረሀብ በሕፃን ሰውነት ላይ የሚያደርሰውን ጉዳት የማጥናት ልምድ በዚህ አገር ስድሳ ዓመት አልፎታል ማለት ነው። የቀረው ያ ሕፃን አድጎ ጎልማሳ ሲሆን ስኳሩ ከየት እንደሚመጣና ወዴት እንደሚሄድ መጠየቅ ነው።

እስከዚያው የገጠሩ በሽተኛ ኑሮውን እንደ አቅሙ ይገፋል። ማቀዝቀዣ በሌለበት አገር ኢንሱሊንን ከሙቀት ለማዳን ከታወቁት ዘዴዎች አንዱ ብልቃጡን በረጠበ ሸክላ ውስጥ ማኖር ነው፤ ውሃው እየተነነ ሲሄድ ሸክላው ይቀዘቅዛል። የቀጨኔ እናቶች እጅ የሚሠራው ዓይነት ተራ ማሰሮ ለዚህ ይበቃል። መድኃኒቱን የሚያቆየው ማሰሮ አለ፤ በማሰሮው ውስጥ ምን ያህል መድኃኒት፣ ለየትኛው በሽታ መቀመጥ እንዳለበት ደግሞ ተለክቶ መታወቅ ይኖርበታል።